ጎረቤት ያሳደገው መሐንዲስ

ሎንዶን ውስጥ፣ ታወር ብሪጅ ከሚባለው ድልድይ አጠገብ፣ ከቴምዝ ወንዝ በበር ብቻ የተለየ የተረጋጋ ውሃ አለ። ሴንት ካትሪን ዶክስ ይባላል። ከሥራ በእግሬ ስመለስ ብዙ ጊዜ እዚያ አረፍ እላለሁ። ወንዙ ሞልቶ በሩ የሚከፈትበት ሰዓት ከገጠመኝ ደግሞ ቢመሽም አልነሣም። ጀልባዎቹ ተራቸውን ጠብቀው በሁለት በሮች መካከል ይገባሉ፤ የኋላው በር ይዘጋል፤ ውሃው ቀስ እያለ ከፍ ወይም ዝቅ ይላል፤ ከዚያ የፊተኛው ይከፈታል። የሚጮኽ የለም፣ የሚገፋ የለም። ዕድሜዬን በቅየሳ ሥራ ስላሳለፍኩ ይሆናል፣ የውሃ ልክ ሲስተካከል ማየት ልቤን ያሳርፈዋል።

ይህን ስፍራ የነደፈው ቶማስ ቴልፎርድ የሚባል ስኮትላንዳዊ መሐንዲስ ነው። በመጽሐፍ ካወቅኩት ብዙ ዓመት ሆኖኛል፤ ወድጄዋለሁም። ከእርሱ ጋር አንድ ያልዘጋሁት ጉዳይ ግን አለኝ፤ ዛሬ የምጽፈው እርሱን ነው።

ቴልፎርድ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1757 ነው፤ ደቡብ ስኮትላንድ ውስጥ ኤስክዴል በሚባል ሸለቆ፣ የበግ ግጦሽ ከሆኑ ኮረብታዎች መካከል። አባቱ የሌላ ሰው በጎች እረኛ ነበር። ልጁ ገና ጡት እየጠባ አባትየው ሞተ። ጎጆው የእረኝነቱ ሥራ እንጂ የቤተሰቡ ስላልነበረ እናቱ ጃኔት ጨቅላዋን ታቅፋ ወጣች፤ ከሌላ ቤተሰብ ጋር በምትጋራው ጎጆ ውስጥ አንድ ክፍል አገኘች። ከዚያ በኋላ እርሷ በየሰው እርሻ ለቀን ሥራ ስትወጣ ልጁ በየጎረቤቱ አደገ። ያስጠጋው ሰው ያበላዋል፤ እርሱም በግና ከብት ይጠብቅለታል። የሸለቆው ሰዎች «ሳቂታው ታም» ይሉት ነበር ይባላል።

እኔም አባቴን የማውቀው በፎቶግራፍ ነው። እናቴ ጉልት ትውል ስለነበር፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ ምሳዬ የማን ቤት እንደሚሆን ጠዋት አይታወቅም ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ፣ ግድግዳው ጭቃ፣ ጣሪያው የዛገ ቆርቆሮ በሆነ ሰፈር፣ አምስት ስድስት በሮች የእኔ ነበሩ። አንዲት ጎረቤታችን ፊደል አስቆጠረችኝ። ሌላዋ ኩፍኝ የያዘኝ ጊዜ ሦስት ሌሊት አጠገቤ አደረች። አባቴን የቀበረው እድሩ ነው፤ የመጀመሪያ ዩኒፎርሜ የተገዛው ጎረቤቶቻችን የእቁብ ተራቸውን ለእናቴ ለቀውላት ነው። ስለዚህ ስለ ጃኔትና ስለ ልጇ ሳነብ የስኮትላንድን ብርድ ባላውቀውም፣ ያንን የጎረቤት በር አውቀዋለሁ።

ልጁ ሲጎረምስ ሙያ እንዲማር ለድንጋይ ጠራቢ ተሰጠ። የመጀመሪያው ጌታው ክፉ ነበርና ጠፍቶ ወደ እናቱ ተመለሰ። ሁለተኛው ላንግሆልም በምትባል ትንሽ ከተማ ይሠራ ነበር፤ እዚያ ጸና። በከተማዋ የኤስክን ወንዝ የሚያሻግረውን ድልድይ ከሠሩት ጠራቢዎች አንዱ እርሱ ነው። አንዲት የከተማው ወይዘሮ መጽሐፍ ታውሰው ስለነበር፣ ቀን መሮና መዶሻ ይዞ ውሎ ማታ በምድጃ ብርሃን ያነብ ነበር። ግጥምም ይጽፍ ነበር። በወጣትነቱ ከጠረባቸው ድንጋዮች አንዱ የአባቱ የመቃብር ድንጋይ ነው፤ ለ33 ዓመት ያለ ነቀፋ እረኛ ሆኖ የኖረ ሰው እንደሆነ ቀረጸበት። ፊቱን ለማያስታውሰው አባት የሰጠው ማዕረግ ይህ ነው።

በኋላ ከአገሩ ርቆ ሲሄድ ለእናቱ የሚልከውን ደብዳቤ እንደ ማተሚያ ቤት ፊደል አንድ በአንድ ለያይቶ ይጽፍ ነበር። ጃኔት የተያያዘ የእጅ ጽሑፍ ማንበብ ይከብዳት ስለነበር፣ ምድጃዋ አጠገብ ተቀምጣ ሰው ሳትለምን እንድታነበው ብሎ ነው። ይህን ሰውዬ የወደድኩት ከድልድዮቹ በፊት በዚህ ደብዳቤ ነው።

በ1780 ኤድንብራ ገባ፤ በ1782 ሎንዶን፤ እዚያ ሰመርሴት ሃውስ በተባለው ትልቅ ሕንፃ ግንባታ ላይ ድንጋይ ጠረበ። ቀጥሎ ፖርትስመዝ የባሕር ኃይል መርከብ ማደሻ ሄዶ የሕንፃ ሥራ ሲቆጣጠር፣ የወደብ ገንዳና ግድግዳ እንዴት እንደሚሠራ በዓይኑ እያየ ተማረ። የዩኒቨርሲቲ ደጅ አልረገጠም። ከ1787 ጀምሮ ሽሮፕሺር የሚባለው አውራጃ የሕዝብ ሥራዎች ቀያሽ ሆነ።

በዚያ ዘመን የሆነ አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ። ሽሩስበሪ ከተማ ያለው የቅዱስ ቻድ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያው ስላፈሰሰ የሰበካው ሰዎች ቴልፎርድን ጠሩት። እርሱ ጣሪያውን ትቶ መሠረቱን አየ። መቃብር ከማማው ምሰሶ አጠገብ ሲቆፈር ኖሮ ግድግዳው ተሰነጣጥቋል። ሕንፃው በሙሉ ሊወድቅ ነው፣ አስቀድማችሁ ማማውን አቃልሉት አላቸው። ሥራ ለማግኘት የሚያጋንን መሰላቸውና ሳቁበት። ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ በ1788 ሐምሌ፣ ማማው ተንዶ ቤተ ክርስቲያኑን ይዞት ወደቀ። ያን ጊዜ ቴልፎርድ 31 ዓመት አልሞላውም ነበር። ከእርሱ የሚበልጡ ሰዎች በተሰበሰቡበት ያየውን አየሁ አለ።

ከዚያ የውሃ መንገድ ሥራ መጣ። በዚያ ዘመን ባቡር የለም፤ ከባድ ዕቃ በርካሽ የሚሄደው በውሃ ነው። አንድ ፈረስ በጋሪ የማይነቀንቀውን ሸክም በቦይ ላይ በጀልባ ይጎትታል። ችግሩ ውሃ ዳገት አለመውጣቱ ነው። ቦይ ሸለቆ ሲገጥመው ወይ በብዙ በሮች ደረጃ በደረጃ መውረድና እንደገና መውጣት አለበት፣ ወይም ከላይ መሻገር አለበት። ዌልስ ውስጥ፣ ዲ የተባለው ወንዝ በሚያልፍበት ጥልቅ ሸለቆ ላይ፣ ቴልፎርድና የበላዩ የነበረው ዊልያም ጀሶፕ መሻገርን መረጡ። ፖንትከሰልቴ ይባላል። በ1795 ተጀምሮ በ1805 ተመረቀ፤ 307 ሜትር ርዝመት፣ 38 ሜትር ከፍታ አለው፤ 18 የድንጋይ ምሰሶዎች ተሸክመውታል። የቀድሞዎቹ የውሃ ድልድዮች በወፍራም ድንጋይና በተጠቀጠቀ ሸክላ አፈር ስለሚሠሩ በዚያ ከፍታ ላይ ክብደታቸው የሚቻል አልነበረም። እነርሱ በድንጋዩ ምሰሶ ላይ ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ብረት ገጣጥመው ረጅም ገንዳ አሠሩ። ምሰሶዎቹን ከላይ በኩል ውስጣቸውን ባዶ አድርገው አቀለሏቸው። በኖራው ውስጥ የበሬ ደም እንደተቀላቀለ ይነገራል። ገንዳውን ውሃ ሞልተው፣ ያፈስ እንደሆነ ለማየት ስድስት ወር ጠበቁ።

ጥቂት ዓመት ሆኖኛል በጀልባ ተሻግሬዋለሁ። በአንድ በኩል የፈረሱ መሄጃና የብረት አጥር አለ። በሌላው በኩል የገንዳው ከንፈር ብቻ ነው፤ ከዚያ ወዲያ አየር። ሸለቆውና ወንዙ ከእግር ሥር ይታያሉ፣ ጀልባው ግን ሳይናወጥ ይሄዳል። የፈረሱ መሄጃ በገንዳው ጎን ሳይሆን ከውሃው በላይ እንደተዘረጋ ያስተዋልኩት እዚያ ነው፤ ጀልባ ወደፊት ሲሄድ የሚገፋው ውሃ ከመሄጃው ሥር አልፎ ወደ ኋላ የሚመለስበት ቦታ እንዲያገኝ ብለው ነው። ውሃን እንዲህ ያከበረ ሰው! አሥር ዓመት በዚያ ከፍታ ሲሠራ የሞተው አንድ ሠራተኛ ብቻ ነው። ቴልፎርድ በኋላ የሕይወት ታሪኩን ሲጽፍ የጀሶፕን ድርሻ እንደሚገባው አለማንሣቱ ያሳዝነኛል፤ ክብሩ ለሁለት የሚበቃ ነበር።

የስኮትላንድ ደጋማው አገር ነገር ከዚህ የከበደ ነው። የመሬት ባለቤቶች በግ ከሰው ይልቅ ገቢ እንደሚያስገኝ አይተው ገባሮቻቸውን ከየሸለቆው እያስወጡ፣ ሰዉ ወደ አሜሪካ በመርከብ ይጎርፍ ነበር። መንግሥት ቴልፎርድን አጥንተህ ንገረን ብሎ ላከው። በ1800ዎቹ መጀመሪያ ባቀረበው ዘገባ የስደቱ ዋና መንሥኤ የበግ እርባታው መስፋፋት መሆኑን ጽፏል። የእረኛ ልጅ መሆኑን አስቡት። መፍትሔ ያለው ደግሞ ሥራ ነው፦ መንገድ፣ ድልድይ፣ ወደብ፣ አገሩን ከባሕር እስከ ባሕር የሚያቋርጥ ቦይ። ከ1803 ጀምሮ በእርሱ መሪነት ከ1,400 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ ተሠራ፤ ድልድዩ ትንሽ ትልቁ ሲቆጠር ከ1,000 ይበልጣል። የካሌዶንያ ቦይ የተባለው ደግሞ 97 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አብዛኛው የተፈጥሮ ሐይቆችን ተከትሎ ይሄዳል፤ 35 ኪሎ ሜትር ያህሉ በሰው እጅ የተቆፈረ ነው። ባናቪ በተባለ ቦታ ስምንት የውሃ ደረጃዎች ተከታትለው መርከብን እንደ ሕፃን እያቀፉ ወደ ኮረብታው ያወጡታል።

ከዚያ ቦይ ሁሉ የምወደው ግን ለዓይን የማይማርከውን ነው። በኢንቨርነስ በኩል፣ ክላክናሃሪ ላይ፣ የባሕሩን በር የሚሠሩበት መሬት ጥልቅ ለስላሳ ጭቃ ሆነባቸው። ቢቆፍሩት ይናዳል፤ ውሃው እንዳይገባበት የሚከልል ግድብ ለመትከል የሚይዝ መሬት የለም። ስለዚህ ድንጋይና አፈር እያመጡ በጭቃው ላይ ከመሩ፤ ከምረውም ተዉት። ክምሩ በራሱ ክብደት ወራት ሙሉ እየሰመጠ ከጭቃው ውስጥ ውሃውን ጨምቆ አወጣው። መሬቱ ሲጠነክር የበሩን ጉድጓድ በዚያው ክምር ውስጥ ቆፈሩት። ይህን ሳነብ ከወንበሬ ተነሥቼ ክፍሉን ዞርኩት። መሬቱን በጉልበት ሳይታገለው በራሱ ጊዜ እንዲጸና ጠበቀው።

ቦዩ በ1822 ሲከፈት ከታሰበው ጥልቀት አንሶ ነው። ወጪው ከግምቱ እጅግ በልጦ፣ ከናፖሊዮን ጋር የነበረው ጦርነት አልቆ፣ መርከቦች ገዝፈው ነበርና በንግድ በኩል ተስፋ የተጣለበትን ያህል አልሆነም። ግን ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት ብዙ ደጋማ ቤተሰብ እንጀራ በልቶበታል። ሠራተኞቹ ድንች የሚተከልበትና ዓሣ የሚጠመድበት ወቅት ሲደርስ ሥራውን ጥለው ወደ መንደራቸው ይሄዱ ነበር፤ የሚመለሱበት መንደር ነበራቸውና።

በ1808 ስዊድን ሄዶ የዮታን ቦይ ቀየሰ። በ1826 ዌልስ ውስጥ የሜናይን የባሕር ሰርጥ በሰንሰለት ተንጠልጥሎ የሚያሻግር ድልድይ ከፈተ፤ 176 ሜትር ያለ ምሰሶ ይዘረጋል። በ1820 የሲቪል መሐንዲሶች ማኅበር የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት ሆነ። አላገባም፤ ለዓመታት የኖረው ቻሪንግ ክሮስ አጠገብ ባለ የቡና ቤት ማረፊያ ውስጥ ነው። የራሱ ቤት የነበረው በእርጅናው ነው።

አሁን ወደ ሴንት ካትሪን ልመለስ።

በ1825 ፓርላማ ፈቀደ፤ በ1827 ቁፋሮው ተጀመረ፤ በ1828 ጥቅምት መርከቦች ገቡ። ቴልፎርድ 70 ዓመት ሆኖት ነበር። ቦታው ጠባብ ስለሆነ አንድ ትልቅ ገንዳ ከመሥራት ይልቅ ሁለት ገንዳዎችን በአንድ መግቢያ አገናኘ፤ በዚህም መርከብ የሚጠጋበት ዳርቻ በዛ። የወንዙ ውሃ ሲጎድል በገንዳው ያለው እንዳይጎድል፣ የቦልተንና የዋት ፋብሪካ የእንፋሎት ሞተሮች ውሃ እየሳቡ ከወንዙ በላይ ያቆዩት ነበር። መጋዘኖቹ ከውሃው ዳር ስለተሠሩ ዕቃ ከመርከብ በቀጥታ ወደ ፎቅ ይወጣ ነበር። ለሻይ፣ ለሱፍ፣ ለዝሆን ጥርስ የተመቸ ብልኅ ሥራ ነው።

ቦታው ባዶ አልነበረም። 1,250 ቤት ፈረሰ፤ 11,300 ሰው ተነሣ። በ12ኛው መቶ ዘመን በንግሥት ማቲልዳ የተመሠረተው የቅዱስት ካትሪን የድኩማን ቤት ከነቤተ ክርስቲያኑ ፈረሰ። ነዋሪዎቹ አብዛኞቹ በወደቡ ጉልበታቸውን የሚሸጡ፣ ጠባብና ንጽሕና በሌለው ቤት የታጨቁ ድሆች ነበሩ። ካሣ የተከፈለው ለንብረቱ ባለቤቶች ነው፤ ተከራይ ምንም አላገኘም። የተቆፈረው አፈር በጀልባ ተጭኖ ወደ ላይኛው ወንዝ ሄደ፤ በምዕራብ ሎንዶን ረግረግ የነበረውን መሬት ሞላ፣ በዚያ ላይ የሀብታሞች ሰፈር ተሠራ። የድሆቹ ቤት የቆመበት አፈር ለሌላ ሰው ቤት መሠረት ሆነ።

1,250 እና 11,300 የሚሉትን ቁጥሮች ሳይ በር ለበር እየሄደ የቆጠረ ሰው ይታየኛል። ያንን ሥራ ሠርቼዋለሁና።

ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣሁ ያገኘሁት የመጀመሪያ ሥራ ለመልሶ ማልማት የታጠረ አንድ አሮጌ ሰፈር መለካት ነበር። የእኔ ሰፈር አልነበረም፤ የእኔ ግን ከጥቂት ዓመት በኋላ በሌሎች ሰዎች ሜትር ተለክቶ ፈርሷል። ሜትርና የቀይ ቀለም ቆርቆሮ ይዤ በየበሩ እሄዳለሁ፤ ስፋቱን እለካለሁ፤ ቁጥር እጽፋለሁ። አንድ ቀን አንዲት አዛውንት በራቸው ላይ ቆመው ቁጥሩን ስጽፍ አዩኝ። «ልጄ፣ ይኼ ቁጥር ለማደስ ነው ወይስ ለማፍረስ?» አሉኝ። ለማፍረስ እንደሆነ አውቃለሁ። «እማማ፣ እኔ የምለካ ብቻ ነኝ» አልኳቸው። ዝም ብለው አዩኝና «እንግዲያው ግባ፣ ውስጡንም ለካ» ብለው በሩን ከፈቱልኝ። ለካሁ። ግድግዳው ላይ የእድር መዝገብ በምስማር ተንጠልጥሎ ነበር።

ያ ሰፈር ለኑሮ የማይመች ነበር፤ ይህን አልክድም። የፍሳሹ ቦይ ከቤት ቤት ይፈስ ነበር፤ ክረምት ሲመጣ ሕፃናት ይታመማሉ። ከተማ መለወጥ አለበት ብዬ ዛሬም አምናለሁ፤ መሐንዲስ ነኝ። የሴንት ካትሪንም መንገዶች ለሰው ጤና የሚሆኑ አልነበሩም። ግን ቤት ሲፈርስ የሚለካው ግድግዳው ነው። የማን ልጅ ማን ቤት ምሳ እንደሚበላ የሚጻፍበት ዓምድ በቅጹ ላይ አልነበረም። ሰዎቹ በየአቅጣጫው ተበተኑ፤ የተሻለ ቤት ያገኙም ነበሩ። እድሩ ግን ከማንም ጋር አልሄደም።

ቴልፎርድ ስለ ሴንት ካትሪን የጻፈው አለ። ይህን ያህል ሥራ፣ በዚያ ጠባብ ቦታ፣ በዚያ አጭር ጊዜ ሲፈጸም አይቶ እንደማያውቅ ይናገራል፤ ኃላፊነት እንዳለበት መሐንዲስ ጥድፊያውን እቃወማለሁ፣ አደጋ ያረገዘ ነው ይላል። ክላክናሃሪ ላይ ጭቃው እስኪጸና ወራት የጠበቀ ሰው ጥድፊያ ቢያስቆጣው አይገርምም። የተቃወመው ለግድግዳው ነው፣ ለመሠረቱ፣ ለሠራተኛው ደኅንነት። ያ አንቀጽ 11,300ዎቹን አያነሣም። በሽሩስበሪ የሳቁበት ሰዎች ፊት ያልፈራ ሰው፣ የተባረረ ገበሬን ስደት ለመንግሥት በግልጽ የጻፈ ሰው፣ የባልቴት ልጅ፣ በየጎረቤቱ በር ያደገ! ይህን አንቀጽ ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት አላውቅም። ቦታውን የመረጠው እርሱ አይደለም፤ ኩባንያው ነው፤ የፈቀደው ፓርላማው ነው። እርሱ የሚለካና የሚነድፍ ነው። መልሱን ከራሴ አፍ ስለማውቀው ልፈርድበት አልችልም፤ ላልፈውም አልችልም።

ወደቡ ብዙ አልከበረም። በሩና ገንዳዎቹ እየገዘፉ ለሄዱት መርከቦች ጠበቡ፤ በ1864 ከጎረቤቱ የሎንዶን ወደብ ጋር ተጣመረ፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በቦምብ ተመታ፤ በ1968 ተዘጋ። ቴልፎርድ ራሱ በ1834 ሞተ። በአጥቢያው የቅዱስት ማርጋሬት ግቢ ያለ ግርግር ቅበሩኝ ብሎ ነበር፤ የሙያ ባልደረቦቹ ግን ዌስትሚንስተር አቢ በተባለው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አስቀበሩት። በኑዛዜው ለሸለቆው ልጆች ማንበቢያ እንዲሆን ለላንግሆልምና ለዌስተርከርክ ቤተ መጻሕፍት ገንዘብ ተወላቸው። ኤስክዴልን አልረሳም።

ትናንት ማታም እዚያ ነበርኩ። ወንዙ ሞልቶ ነበር፤ በሩ ተከፈተ፤ አንድ አሮጌ የሸራ ጀልባ ገባ። ውሃው ሲስተካከል እየተመለከትኩ ያቺን በር አሰብኩ። የጻፍኩባት ቁጥር 47 ነበር። የቤቱ ስፋት 23 ካሬ ሜትር። ሁለቱንም እስከ ዛሬ አስታውሳለሁ። ስማቸውን አልጠየቅኳቸውም ነበር።